ልብስ በሰው ልክ ይሰፋል፦ በመድረክ አልባሳትና በፋሽን ሥራ በሰውነት መጠን ምክንያት ስለሚፈጸም አድልዎ የወጣ የአቋም መግለጫ

እኛ በአንድ የሙያ ማኅበር የታቀፍን የመድረክ አልባሳት ባለሙያዎች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ የፋሽን ዲዛይነሮች፣ ተዋንያን፣ ተወዛዋዦችና ሞዴሎች፣ ለዓመታት ሲንከባለል በቆየ አንድ ጉዳይ ላይ በጠቅላላ ጉባኤያችን መክረን ይህን መግለጫ አውጥተናል። ጉዳዩ የሰውነት መጠን ነው። ይበልጥ በትክክል ለመናገር፣ በልምምድ አዳራሽ፣ በልብስ መለኪያ ክፍልና በፋሽን ትርኢት ጓዳ ዘወትር የሚሰማው «ልብሱ አልሆናትም» የሚል ዓረፍተ ነገር ነው።

በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የምንንቀሳቀስ የሙያ ማኅበር እንደመሆናችን፣ መተዳደሪያ ደንባችን ሁለት ግዴታዎችን ጥሎብናል፤ የአባላትን ክብርና ጥቅም ማስጠበቅ፣ የሙያውንም ደረጃ መጠበቅ። በዚህ ጉዳይ ሁለቱ አንድ ሆነው አግኝተናቸዋል። ሜትሩን የያዘውም፣ ሜትሩ ወገቡ ላይ የተጠመጠመበትም የዚህ ማኅበር አባል ነውና መግለጫው በሌሎች ላይ ብቻ የቀረበ ክስ አይደለም። «አልሆናትም» የሚለውን ቃል የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ ከመካከላችን ያለ ባለሙያ ነው። ጉባኤው ይህን አስቀድሞ ሳያምን ወደ ሌላው ጣቱን ሊቀስር አልወደደም።

አቤቱታው ለአባሎቻችን አዲስ ስላልሆነ በዝርዝር አንደግመውም። ለመሪ ሚና ተፈትና ያለፈች፣ ቃለ ተውኔቱን አጥንታ ልምምድ የጀመረች ተዋናይት፣ ካለፈው ዝግጅት የተረፈው ቀሚስ ዚፑ አልዘጋ ስላለ ሚናዋ ለሌላ ተሰጥቶባታል። ከእሱ በፊት በነበረው ሰው ልክ የተሰፋ ሱሪ ከኋላ ተተርትሮ፣ በመርፌ ቁልፍ ተያይዞ፣ ምሽቱን ሙሉ ጀርባውን ለተመልካች ላለማሳየት ሲጠነቀቅ ያመሸ ተወዛዋዥ አለ። ቀጭን ስለሆነ «ካባው ይውጥሃል» ተብሎ የንጉሥ ሚና የተነፈገ አለ። ወፍራም በመሆኗ በተጫወተችባቸው ሥራዎች ሁሉ ነገረኛ ጎረቤት ሆና የቀረች አለች። እነዚህ ሰዎች በችሎታቸው ተመዝነው ቢወድቁ ኖሮ ማኅበሩ ጣልቃ የሚገባበት ምክንያት ባልኖረው ነበር።

ዓረፍተ ነገሩን ራሱን እንየው። «ልብሱ አልሆናትም» ሲባል ባለቤቱ ልብሱ ነው፤ ያልሆነውም እሱው ነው። ሰዋስዉ ጥፋቱን በቦታው አስቀምጦታል። ቅጣቱ ግን በተሳቢዋ ላይ ይወድቃል፤ ልብሱ ወደ ግምጃ ቤት፣ እሷ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ማኅበራችን ከዚህ ነጥብ ተነሥቶ ነው ወደ አቋሙ የደረሰው። ያልሆነ ልብስ ያልተጠናቀቀ የሙያ ሥራ ነው፤ ያልተጠናቀቀ ሥራ ደግሞ ተጠያቂው ሠሪው እንጂ የሚለብሰው አይደለም።

የአገራችን አለባበስ ይህን ልማድ አላስተማረንም። ጋቢ አራት ድርብ ሆኖ ሲቀርብ የማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ አይጠይቅም። ነጠላ በአጣጣሉ ኀዘኑን ከደስታው፣ ቤተ ክርስቲያኑን ከገበያው ይለያል እንጂ ቀጭንን ከወፍራም አይለይም። መቀነት ወገብ ላይ ሦስት ጊዜም አምስት ጊዜም ይዞራል፤ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚወስነው ወገቡ ነው። ጨርቅ በክንድና በስንዝር ሲለካ መለኪያው ራሱ የሰው አካል ነበር።

የመድረካችንም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. በሩን ከፈተ። ዘመናዊ ቴአትራችን ገና ሲያቆጠቁጥ ሴቶች ወደ መድረክ ስለማይወጡ የሴት ሚና ወንዶች ይጫወቱ ነበር። ጢሙን ተላጭቶ፣ ሻሽ አስሮ፣ ቀሚስ ለብሶ የወጣውን ጎልማሳ ተመልካቹ ሴት ናት ብሎ ተቀብሎታል። ልብስ ይህን ማድረግ ከቻለ፣ ወገቧ ሰፋ ያለውን ሴት ሙሽራ ማድረግ እንዴት እንደሚያቅተው የሚያስረዳን ሰው በጉባኤው አልተገኘም።

ልማዱ የገባው በሁለት በር ነው ብለን እናምናለን። አንደኛው የግምጃ ቤት ልብስ ነው። ለአንድ ዝግጅት፣ በአንዲት ተዋናይት ልክ የተሰፋ ቀሚስ ትርኢቱ ሲያበቃ ይታጠፋል፤ በሚቀጥለው ዝግጅት ለልብሱ ሰው ይፈለግለታል። ጨርቅ ውድ ነው፣ የዝግጅት በጀትም ጠባብ ነው፤ ይህን አንክድም። አልባሳትን ደጋግሞ መጠቀምም ነውር የለበትም። ነውሩ ልብሱ ገና ሲቀደድ የስፌት ትርፉ ተቆርጦ መጣሉ ነው። ጥቂት ጨርቅ ለማዳን ሲባል የቀረ ትርፍ ቀሚሱን የአንዲት ሴት ብቻ ያደርገዋል፤ ከእሷ በኋላ የሚመጡት ሁሉ እሷን እንዲያክሉ ይጠየቃሉ። ይህን ያደረግነው እኛው ነን፤ መቀሱ በእጃችን ነበር።

ሁለተኛው በር ከውጭ የመጣ የልክ ሰንጠረዥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 እና በ1940 የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶችን እያንዳንዳቸውን በ59 ልኬት አስለክቶ መዘገበ። ለዝግጁ ልብስ መሠረት እንዲሆን የተወሰደው ግን የነጭ ሴቶች ልኬት ብቻ ነበር። በዚያ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው መደበኛ ልክ እ.ኤ.አ. በ1983 እዚያው በአገሩ ቀርቷል። በስፌት ማሠልጠኛዎቻችን የምንማርባቸው ከውጭ የመጡ ፓተርኖች በእንዲህ ዓይነት ሰንጠረዦች አሠራር የተቃኙ ናቸው፤ በየሱቁ ደጃፍ የቆመው አሻንጉሊትም እንዲሁ። ሽሮሜዳ ወጥቶ በአሻንጉሊቱ ላይ የተሰቀለውን የሐበሻ ቀሚስ ዞር ብሎ ከኋላ ላየው፣ ብዙ ጊዜ በእስፒል ተይዞ ጠብቧል፤ ማለት ለአሻንጉሊቱም ልኩ አይደለም። ለአሻንጉሊቱ የተደረገው ማስተካከያ ግን ለደንበኛዋ ሲሆን ይከብዳል። የሠርግ ቀሚስ ልታሰፋ የመጣችውን ሙሽራ «እስከ ሠርግሽ ትንሽ ቀንሺ» እንላታለን።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የለንደኑ ሮያል ኦፔራ ሃውስ አሜሪካዊቷን ሶፕራኖ ዴቦራ ቮይትን ከሪቻርድ ስትራውስ «አሪያድኔ አውፍ ናክሶስ» አሰናበተ። ዝግጅቱ ለመሪ ሚናዋ ያሰበው አጭር ጥቁር ቀሚስ ነበር፤ ቮይት ለዚያ ቀሚስ ትወፍራለች ተባለ። በድምጿ ላይ የተነሣ ጥያቄ አልነበረም፤ ስሟ ከሚጠራባቸው ሚናዎች አንዱ ይኸው አሪያድኔ ነበር። በዚያው ዓመት ጨጓራዋን በቀዶ ሕክምና አሳጥራ ክብደት ቀነሰች፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ወደዚያው ቤት፣ ወደዚያው ዝግጅት ተመለሰች። ሕክምናው የራሷ ውሳኔ በመሆኑ በእሱ ላይ የምንሰጠው አስተያየት የለንም። የምንጠይቀው ስለ አልባሳት ክፍሉ ነው። ቀሚስ ማስፋት ወይም ሌላ መስፋት የጥቂት ቀናት ሥራ ሆኖ ሳለ፣ መርፌና መቀስ ያለው ክፍል እያለ፣ ስለምን መፍትሔው ከዘፋኟ አካል እንዲመጣ ተጠበቀ? በሞስኮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ቦልሾይ ቴአትር ባለሪና አናስታሲያ ቮሎችኮቫን ከብዳለች በሚል ምክንያት ሲያሰናብት፣ ፍርድ ቤት ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ወስኗል። እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝ ግላይንድቦርን የኦፔራ ፌስቲቫል ላይ የዘፈነችውን አየርላንዳዊት ታራ ኤራትን በሚመለከት በርካታ ተቺዎች ከድምጿ ይልቅ ስለ ቁመናዋ ጽፈዋል።

የሙያ አቅም ማነስ ነው እንዳይባል፣ የአሜሪካዊቷ ተዋናይት ሌስሊ ጆንስ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ለፊልሟ ምርቃት የሚያለብሳት ዲዛይነር እንዳጣች በይፋ ስትናገር ክርስቲያን ሲሪያኖ ተነሥቶ ቀይ ቀሚስ ሠርቶላታል። የጨርቁ ዓይነትም፣ የስፌት መኪናውም ከሌሎቹ የተለየ አልነበረም።

አድልዎው ወፍራሞችን ብቻ አይጎዳም። እ.ኤ.አ. በ2006 ብራዚላዊቷ ሞዴል አና ካሮሊና ሬስቶን ራስን ምግብ ከመንፈግ ሕመም የተነሣ በ21 ዓመቷ ሞተች። በዚያው ዓመት የማድሪድ ፋሽን ሳምንት የክብደትና የቁመት ምጣኔያቸው ከ18 በታች የሆነ ሞዴሎችን አላሳልፍም አለ። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣችው ሕግ ለማስታወቂያ ሥራ 18.5ን ዝቅተኛ ወሰን አደረገች፤ በኮምፒውተር ቀጭን የተደረገ ምስልም ይህንኑ የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲኖረው አስገደደች። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ከቁጥር ይልቅ የሐኪም ማረጋገጫን መረጠች፤ ደንቡን የሚጥስ ቀጣሪ እስከ 75,000 ዩሮ ቅጣትና እስራት ይጠብቀዋል።

ጉባኤው በእነዚህ ሕጎች ላይ ረዘም ያለ ክርክር አድርጓል። ዓላማቸውን እናከብራለን። ቁጥሩን እንዳለ አምጥቶ እዚህ መትከልን ግን አንደግፍም። ምጣኔውን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቀመረው ቤልጅጋዊው አዶልፍ ኬትሌ ስለ ሕዝብ አማካይ የሚያጠና የስታቲስቲክስ ሰው እንጂ የአንድን ሰው ጤና የሚመረምር ሐኪም አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶቻችን የ22 በመቶ ያህሉ ምጣኔ ከ18.5 በታች ነው። ከአምስት ሴቶች አንዷን በር ላይ የሚመልስ ደንብ ጠባቡን ቀሚስ በሌላ ጠባብ ቀሚስ መለወጥ ይሆናል። ሚዛንን ከመድረክ ደጃፍ ማንሣት እንጂ ሌላ ሚዛን መጨመር አንሻም።

በአገር ውስጥ ሕግ ረገድ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 24 የሰውን ክብርና መልካም ስም ይጠብቃል። አንቀጽ 25 ደግሞ ዘርን፣ ፆታን፣ ሃይማኖትንና ሌሎችን ዘርዝሮ ሲያበቃ «ሌላ አቋም» የሚል ቃል ያክላል። ቃሉ በሕግ ቋንቋ ማኅበራዊ ሁኔታን እንደሚያመለክት እናውቃለን። በእኛ ሙያ ቋንቋ ግን አቋም የሰው ቁመትና መጠን ነው፤ የሕግ ባለሙያዎች ይፍቀዱልንና፣ ሁለቱን ትርጉሞች አንድ ላይ ማንበብ ስሕተት ነው ብለን አናምንም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የሰውነት መጠንን በስም ባይጠራም በሥራ ላይ የሚደረግ አድልዎን ይከለክላል። ችግሩ አብዛኞቹ ተዋንያንና ሞዴሎች የሚሠሩት በአፍ ስምምነት ወይም በአንድ ገጽ ውል መሆኑ ነው፤ ስንብታቸውም በስልክ ይነገራቸዋል።

በመሆኑም ማኅበራችን የሚከተሉትን አቋሞች በሙሉ ድምፅ ወስዷል።

1. ለሚና፣ ለውዝዋዜ ወይም ለትርኢት በችሎታው ተፈትኖ የተመረጠ ሰው በአልባሳት ምክንያት ሊሰናበት አይገባም። የማኅበሩ አባል የሆነ የአልባሳት ባለሙያ ለእንዲህ ዓይነት ስንብት በቃልም ሆነ በጽሑፍ ምክንያት አይሰጥም። «አልሆናትም» ማለት ካለበት ቀጥሎ «እስከዚህ ቀን አስተካክላለሁ» ማለት ይጠበቅበታል።

2. የሥራው ቅደም ተከተል ሰው መምረጥ፣ መለካት፣ ንድፍ ማውጣት፣ ከዚያ መስፋት ነው። ሰው ሳይመረጥ የጸደቀ የአልባሳት ንድፍ እንደ ረቂቅ ይቆጠራል።

3. ለመድረክ የሚሰፋና በግምጃ ቤት የሚቀመጥ ማንኛውም ልብስ በጎንና በኋላ ስፌቱ በእያንዳንዱ ወገን ከ3 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ የስፌት ትርፍ ይኖረዋል። ገበሩም እንዲሁ ትርፍ ይያዝለታል፤ ውጩ ሰፍቶ ገበሩ የሚቀደድበትን አሠራር ሁላችንም እናውቀዋለንና። የሥራው ዓይነት ሲፈቅድ ከቋሚ ዚፕ ይልቅ ማሰሪያ፣ ላስቲክ ወይም በሁለት ረድፍ የተተከለ ቁልፍ ተመራጭ ነው። ይህ ደረጃ ከሚቀጥለው የዝግጅት ዘመን ጀምሮ በአባላት ላይ ግዴታ ነው።

4. ልብስ ለማስፋት፣ ለማጥበብ ወይም እንደገና ለመስፋት የሚወጣ ወጪ የአዘጋጁ ወይም የፕሮዲውሰሩ ነው። ከባለሙያው ክፍያ ላይ ሊቀነስ አይችልም፤ ሲቀነስ የቆየውም ልማድ ነው እንጂ ሕግ አልነበረም።

5. ልኬት ምስጢር ነው። ለኪው ቁጥሩን ጮክ ብሎ እየጠራ ረዳቱ ከክፍሉ ማዶ የሚጽፍበት አሠራር ይቁም። ልኬት የሚወሰደው በተዘጋ ክፍል ነው፤ የሚጻፈው ለኪው በያዘው ደብተር ነው፤ ከአልባሳት ክፍሉ ውጭ ማንም አያየውም። በልኬት ጊዜ ስለ ሰው አካል ቀልድም ሆነ ሙገሳ አያስፈልግም። ብዙዎች ይህን ነጥብ ጥቃቅን ነገር ይሉት ይሆናል። በጉባኤው ላይ ከሁሉም በላይ ድምፅ የተሰማበት ግን ይኸው ነው።

6. የአዘጋጅን የፈጠራ ነፃነት እናከብራለን። ገጸ ባሕርይው ረኀብተኛ ከሆነ ቀጭን፣ ድሎተኛ ከሆነ ወፍራም ተዋናይ መፈለግ መብቱ ነው፤ ትራስ ማሰርም የቆየ የመድረክ ጥበብ ነው። የማንቀበለው ድርሰቱ ስለ ገጸ ባሕርይው ሰውነት ምንም ሳይል ሲቀር ፍቅር፣ ንግሥናና ጀግንነት ለአንድ ዓይነት ቁመና፣ ሳቅ ደግሞ ለሌላው በነባሪነት መታደሉን ነው። ምክንያቱ ከድርሰቱ ይውጣ፤ ከግምጃ ቤቱ አይውጣ።

7. አባል ዲዛይነሮች ለትርኢት የሚያቀርቡትን ልብስ በተመረጡት ሞዴሎች ልክ ያዘጋጃሉ፤ አንድ ናሙና ልክ ሰፍቶ ሰውን በእሱ መመልመል ቀርቷል። በአንድ ትርኢት የሚቀርቡ ልብሶች ከሦስት ባላነሱ የተለያዩ መጠኖች ይሆናሉ። ማንም አባል ሞዴልን ለትርኢት ብሎ ክብደት እንዲቀንስ ወይም እንዲጨምር አያዝም፤ ሞዴሉ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ጉዳዩ በቀጥታ በዲሲፕሊን ይታያል።

8. የልብስ ስፌትና የፋሽን ዲዛይን ማሠልጠኛዎች ተማሪዎቻቸውን በአንድ አሻንጉሊት ላይ ብቻ ከማስመረቅ እንዲታቀቡ እንጠይቃለን። ማኅበሩ በተለያየ ቁመትና ውፍረት ላይ ቅድ የማውጣት ሥልጠና የሚሰጡ አንጋፋ አባላቱን ያለ ክፍያ ለመመደብ ዝግጁ ነው።

9. የባህልና ስፖርት ሚኒስቴርና የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ከባለሙያዎች ጋር ሆነው ለመድረክና ለፋሽን ሥራ የሚያገለግል ናሙና ውል እንዲያዘጋጁ እንጠይቃለን። ውሉ የሰውነት መጠን የስንብት ምክንያት እንደማይሆን በስም የሚጠራ አንቀጽ ሊኖረው ይገባል። የማኅበሩ ረቂቅ ተዘጋጅቷል፤ በተጠየቅን ጊዜ እናቀርባለን።

10. ከላይ የተዘረዘሩት አቋሞች መጀመሪያ የሚያስገድዱት የማኅበሩን አባላት ነው። ቅሬታ ያለው ሰው፣ አባል ቢሆንም ባይሆንም፣ ለሙያ ሥነ ምግባር ኮሚቴው በጽሑፍ ወይም በቃል ማመልከት ይችላል። ኮሚቴው ቅሬታው በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ ልብሱን ራሱን አስቀርቦ፣ ስፌቱን ገልብጦ ይመረምራል። የስፌት ትርፍ ሳይተው የሰፋ ወይም ሊያስተካክለው ሲችል ያላስተካከለ አባል ልብሱን በራሱ ወጪ እንደገና ይሰፋል።

የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ
አዲስ አበባ